ቁጥር 4 የጎደለው ሣጥን፦ የሻገተውን ስብስቤን እንዴት ላድነው?

የሽምብጥ ልጅ • ነሐሴ 10፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት፤ ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ።

ሰባት ጥራዝ ያለው ባለ ሣጥን የአጋታ ክሪስቲ የወንጀል ልብወለድ ስብስብ አለኝ። ሁሉም መርማሪው ፖይሮ ያለባቸው ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት ወንድሜ ከእንግሊዝ ሲመጣ ከሻንጣው ልብስ ቀንሶ ያመጣልኝ ነው። ቤታችን ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው፤ የጣና ውሃ ቅርባችን ነው። ክረምት ሲገባ ግድግዳው ያልበዋል፤ ቁም ሣጥን ውስጥ የተሰቀለ ልብስ ሳይቀር የእርጥበት ሽታ ይይዛል።

ትናንት ቁጥር 5ን ላወጣ አናቱን በጣቴ ይዤ ብስበው አልወጣ አለኝ። ጠንከር አድርጌ ጎተትኩት። ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ያለው ስስ ፕላስቲክ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቶ ከቁጥር 6 ጋር ተጣብቆ ቀረ። ሣጥኑን አዙሬ በስልክ መብራት ወደ ውስጥ ሳይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ በነበረው ወገን ግራጫና አረንጓዴ ሻጋታ ክብ ክብ ሠርቶ አገኘሁት። ልክ ሦስት ቀን የከረመ እንጀራ ላይ እንደሚወጣው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቁጥር 4 ነው። አምና ለሥራ ባልደረባዬ አዋስኳት፤ ዝውውር አግኝታ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች፤ ስልኳም አይሠራም። ቦታው ባዶ ሲሆን የቀሩት እየተጋደሙ ስላስቸገሩኝ ጋዜጣ አጥፌ ጠቅጥቄ ሰክቼበታለሁ።

ሣጥኑን ልጣለው? ሻጋታውን በምን ላጽዳው? ቁጥር 4ን ለብቻው ማግኘትስ ይቻላል? የሣጥኑን ፎቶ አያይዣለሁ፤ የምታውቁ እርዱኝ።

---

ዶቅማ • ነሐሴ 10፣ ማታ 2፡50

አሁኑኑ ሁሉንም ከሣጥኑ አውጪና ለያይተሽ አቁሚያቸው። ዛሬ ማታ ሌላ ምንም አትንኪ። እኛ ቢሮ ፋይሎች እንዲህ ሆነው በአንድ ክረምት ግማሽ መደርደሪያ አጥተናል፤ የጎዳን ደግሞ ሻጋታው ብቻ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ መጥረጋችን ነው።

---

ጠራዡ • ነሐሴ 11፣ ጠዋት 1፡30

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ያንን ጋዜጣ አውጪው። ጋዜጣ እርጥበት ይጠጣል፤ የጠጣውን ደግሞ ለጎረቤቱ ያካፍላል። ርካሽ ወረቀት ስለሆነ አሲዱም ብዙ ነው፤ የነካውን ገጽ ከጊዜ በኋላ ቡናማ ያደርገዋል።

አሁን ስለ ሻጋታው። መጻሕፍቱን ነፋስ በሚያልፍበት በረንዳ፣ ጥላ ውስጥ፣ ገጾቻቸውን ትንሽ ከፈት አድርገሽ አቁሚያቸው። ፀሐይ ላይ እንዳታሰጫቸው። እነዚህ ለስላሳ ሽፋን ያላቸው መጻሕፍት በክር የተሰፉ አይደሉም፤ ጀርባቸው ላይ በሙቀት ቀልጦ የተቀባ ሙጫ ነው የያዛቸው። ፀሐይ ሲመታው ይደርቅና መጽሐፉን ከፈት ስታደርጊ ቀጭ ብሎ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ ገጹ እንደ ደረቅ ቅጠል ይረግፋል።

ሁለት ሦስት ቀን ደርቆ ሻጋታው ዱቄት ሲመስል፣ ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ፣ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ከራስሽ ወደ ውጭ ጥረጊው። ያልተነካ የቀለም ብሩሽ ይበቃል። በረኪና አታስነኪው። እርጥብ ጨርቅም አታሳይው፤ ሻጋታውን መዝራት ነው የሚሆነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችሁም ልናገር። መጽሐፍን ከሣጥን አናቱን ይዞ መጎተት የጥራዝ ጠላት ነው። እኔ ዘንድ ከሚመጡት ባለ ሣጥን መጻሕፍት አብዛኞቹ የተቀደዱት እዚያችው አናታቸው ላይ ነው። ሣጥኑን ወደ ፊት ዘንበል አድርጉትና መጻሕፍቱ በራሳቸው ክብደት ወደ መዳፋችሁ ይንሸራተቱ። ካልተንሸራተቱ ሣጥኑ ጠቧል ማለት ነው፤ ካርቶንም ወረቀትም እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል። በጋ ላይ ልክ የነበረው ሐምሌ ላይ ይጠብባል።

---

ሰብሳቢው ከፔዳ • ነሐሴ 11፣ ከሰዓት 7፡05

ጋሼ ጠራዡ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ሣጥኑን እንዳትጥዪው ነው። ባለ ሣጥን ስብስብ ያለ ሣጥኑ ሰባት ተራ መጽሐፍ ነው። ሰብሳቢ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው የሣጥኑን ማዕዘን ነው፤ ተፈንቅሏል ወይ፣ ተለጥፏል ወይ፣ ቀለሙ ለቋል ወይ። ሻጋታውን ጠርገሽ፣ አድርቀሽ፣ ከመጻሕፍቱ ለይተሽ አስቀምጪው።

ቁጥር 4ን በተመለከተ፣ የመጽሐፉን ስም ብቻ ይዘሽ አትግዢ። እንግሊዞች ለለስላሳ ሽፋን በብዛት የሚጠቀሙት ሁለት መጠን ነው፤ አነስተኛው 11 በ17.8 ሴንቲ ሜትር፣ ተለቁ 12.9 በ19.8 ሴንቲ ሜትር። ስሙ አንድ፣ ታሪኩ አንድ፣ ግን ሣጥንሽ ውስጥ አይስማማም። መጠኑ ቢገጥም እንኳን አሳታሚው በየጥቂት ዓመቱ የሽፋኑን ሥዕል ስለሚለውጥ ጀርባው ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም። ስለዚህ የቁጥር 3 ወይም የቁጥር 5 የኋላ ሽፋን ላይ ያለውን የመጽሐፉን መለያ ቁጥር (ISBN የሚባለውን) ተመልከቺ፤ ከእ.ኤ.አ. 2007 ወዲህ የታተመ ከሆነ 13 አኃዝ ነው። ሣጥኑ የራሱ የተለየ ቁጥር ሊኖረው ስለሚችል በሱ እንዳትሳሳቺ። የኅትመት ዓመቱን ከውስጥ ገጽ አይተሽ፣ በዚያው ዘመን የወጣውን ቁጥር 4 ፈልጊ።

በነገራችን ላይ ይሄ "ሙሉ ስብስብ" የሚለው ቃል ሰው ያታልላል። ሼርሎክ ሆምስ ሙሉ ሊሆን ይችላል፤ ኮናን ዶይል የጻፈው 4 ልብወለድና 56 አጭር ታሪክ ነው፤ አንድ ሣጥን ይበቃዋል። የክሪስቲ የወንጀል ልብወለዶች ግን 66 ናቸው፤ ሰባት ጥራዝ ቅምሻ ነው። የስዊድናዊው ስቲግ ላርሰን ሦስት መጻሕፍት ደግሞ እሱ እ.ኤ.አ. በ2004 ካረፈ በኋላ ነው ከ2005 እስከ 2007 የወጡት። የሦስቱን ሣጥን ገዝቶ "ጨረስኩ" ያለ ሰው በ2015 ሌላ ደራሲ አራተኛውን ጽፎ አገኘው። እኔ ያንን ሦስቱን ብቻ የያዘ ሣጥን ነው የምወደው፤ ሰውየው ራሱ የጻፈው እዚያ ላይ ስለሚያበቃ።

---

ቴሌግራም አንባቢ • ነሐሴ 11፣ ከሰዓት 8፡20

ቁጥር 4 ፒዲኤፉ አለኝ እህቴ። ልላክልሽ?

---

የሽምብጥ ልጅ • ነሐሴ 11፣ ማታ 1፡40

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋዜጣውን አውጥቻለሁ፤ ጋሼ እንዳሉት የቁጥር 3 የኋላ ሽፋን ጠርዙ ቡናማ ሆኗል። መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ ናቸው።

ወንድሜ፣ ለፒዲኤፉ አመሰግናለሁ፤ ግን ጉዳዩን ሳልነግራችሁ ቀርቻለሁ። እነዚህን መጻሕፍት ለብቻዬ አይደለም የማነባቸው። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። ማታ ቡና ሲፈላ አጠገቧ ተቀምጬ ምዕራፍ በምዕራፍ እያነበብኩ እዚያው በአማርኛ እነግራታለሁ። በሁለት ዓመት ሦስቱን ጨርሰናል። መጽሐፉን ትይዘዋለች፣ ስንት ገጽ እንደቀረን በአውራ ጣቷ ትለካለች። "ይሄን ያህል ከቀረው ገዳዩ ገና አልተያዘም ማለት ነው" ትላለች። በስልክ ጀምሬላት ነበር። አሥር ደቂቃ ሳትሰማ "ይሄ ነገር መጨረሻ የለውም" ብላ ተነሣች።

ቁጥር 4ን እስከ አጋማሹ አንብበን ነው ያዋስኩት፤ ባልደረባዬ ለሁለት ሳምንት ብላኝ ነበር። እናቴ ቁጥር 5ን እንጀምር ብላት "የተጀመረ ሬሳ ሳይቀበር ሌላ አይጀመርም" ብላ እምቢ አለች። ዓመት ሆነን። አሁን በፍልሰታ የግድያ ወሬ አትሰማም፤ ጾሙ ሲፈታ ግን መጠየቋ አይቀርም። ቁጥር 4ን የፈለግሁት ለዚህ ነው። ሰብሳቢው፣ ጀርባው ባይመሳሰልም ግድ የለኝም።

---

ጡረተኛው መምህር • ነሐሴ 12፣ ጠዋት 3፡10

ልጄ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ። ትክክል ናቸው።

በደርግ ዘመን እኛ መጽሐፍ የምናነበው በኪራይ ነበር። በስሙኒ ቀኑን ሙሉ ይዘህ ትሄዳለህ፤ ማታ ካልመለስክ ይጨመርብሃል። ከእጅ እጅ የሚዞር መጽሐፍ መጀመሪያ ሽፋኑን ያጣል፣ ቀጥሎ የመጨረሻውን ቅጠል። የፍቅር ታሪክ ከሆነ መጨረሻውን ትገምተዋለህ። የወንጀል ታሪክ ሲሆን ግን ያ ቅጠል ከሌለ ምንም አላነበብክም። አንድ ጊዜ መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ውስጥ ሰብስቦ፣ በሩን ቆልፎ፣ "ገዳዩ እዚህ መካከላችን ነው" የሚልበት ገጽ ላይ ተቆረጠብኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም።

ወር ሙሉ ፈልጌ ሌላ ቅጂ ያለው ጓደኛ አገኘሁ። መጽሐፉን አያውስም፤ እቤቱ ቁጭ ብዬ የጎደሉትን አራት ገጾች ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ በሰማያዊ ቢክ ገለበጥኩ። መጽሐፉን በኋላ ከአከራዩ ገዛሁትና ቅጠሎቹን በሊጥ ለጠፍኳቸው። ዛሬም አለኝ። ሰብሳቢው "ጎደሎ ነው" ሊለኝ ይችላል። እኔ ከቤቴ ካሉት ሁሉ አስበልጬ የያዝኩት እሱን ነው።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። እኛም እኮ የራሳችን አለን። ይልማ ሀብተየስ መርማሪ ልብወለድን በአማርኛ ጽፈዋል፤ ማሞ ውድነህ የስለላ መጻሕፍትን እየተረጎሙ አንድ ትውልድ አስነብበዋል። የነዚህ ሥራ በቤታችን ያለው አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ሽፋን አልባ ሆኖ ነው። በአንድ መጠን ታትሞ፣ በቁጥር ተደርድሮ፣ ሣጥን ተሠርቶለት ሲሸጥ እኔ አላየሁም። የውጪዎቹ ይህን ነገር ቀድመው ገብቷቸዋል፤ የእንግሊዙ አሳታሚ ፔንግዊን እ.ኤ.አ. በ1935 ሲጀምር ለወንጀል ልብወለድ አረንጓዴ ሽፋን ለይቶ ሰጠው፤ አንባቢው ከሩቅ አይቶ ያውቀዋል።

---

ሰብሳቢው ከፔዳ • ነሐሴ 12፣ ቀን 6፡00

መምህር፣ የእርስዎን መጽሐፍ ጎደሎ የሚል ሰብሳቢ ካለ ሥራውን አያውቅም። ያንን ቅጠል ማንም ሊተካው አይችልም። እባክዎ በሊጥ የተለጠፈውን ቦታ ለጋሼ ጠራዡ ያሳዩ፤ ሊጥ ብልና በረሮ ይጠራል።

---

የዘጌ ጀልባ • ነሐሴ 12፣ ማታ 3፡30

እኔ የእንግሊዝኛ ልብወለድ አንባቢ አይደለሁም፤ እንግዳ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም አመላልሳለሁ። ግን ስለ ሣጥን ስታወሩ አንድ ነገር ልበል። የገዳማቱ አባቶች በዚሁ ሐይቅ መሐል፣ በዚሁ እርጥበት መጻሕፍትን ስንት መቶ ዓመት አቆይተዋል። የብራናው መጽሐፍ ገበታ፣ ማለትም ሽፋኑ፣ ከዋንዛ እንጨት ነው፤ ላዩ ቆዳ ይለብሳል። ከዚያ ከቆዳ የተሰፋ ማኅደር ውስጥ ይገባና በማንገቻው ኩላብ ላይ ይሰቀላል። ወለል አይነካም፣ ዙሪያውን ነፋስ ያገኘዋል፣ አይጥና ምስጥም በቀላሉ አይደርስበትም። ደግሞም ይነበባል። ሳይገለጥ የሚከርም መጽሐፍ እኮ ቶሎ ነው የሚታመመው።

እህቴ ሣጥኑን ግድግዳ አስደግፋ ነው ያስቀመጠችው። የታመመው ከዚያ ነው ባይ ነኝ።

---

ጠራዡ • ነሐሴ 13፣ ጠዋት 2፡00

እንኳን ለቡሄ አደረሳችሁ።

ጀልባው ልክ ብሏል። ብራናና ወረቀት ጠባያቸው ይለያያል፤ ነፋሱ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። የውጭ ግድግዳ በክረምት ይቀዘቅዛል፤ የቤቱ ሙቅ አየር እዚያ ሲደርስ ላብ ይሆናል። የባለ ሣጥን ስብስብ የተዘጋው ጀርባ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ግድግዳ ነው የሚዞረው። ስለዚህ መደርደሪያውን ክፍልና ክፍልን በሚለየው የውስጥ ግድግዳ በኩል አድርጊው፤ ከሣጥኑ ኋላ ሦስት ጣት ያህል ክፍት ይሁን። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ከሰነበተ ሻጋታ መነሣቱ አይቀርም፤ በኛ ከተማ ሐምሌና ነሐሴ ይህንን ያልፋል። በነዚህ ሁለት ወራት ሣጥኑን ባዶውን አስቀምጪ፤ መጻሕፍቱ ሰፋ ብለው ውጭ ይክረሙ። መስከረም ሲጠባ ይመለሳሉ።

ከሰብሳቢው ጋር የማልስማማበት ሣጥኑ ላይ ነው። ሻጋታ ውስጡ የገባ ካርቶን ላዩ ቢጠረግም ዘሩ አይወጣለትም። ክረምት ሲመጣ እንደገና ይነሣል፤ መጻሕፍቱንም ይዞ ይሄዳል። እኔ ብሆን አስወግደዋለሁ።

---

ሰብሳቢው ከፔዳ • ነሐሴ 13፣ ጠዋት 4፡15

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ጊዜ የተጣለ ሣጥን ተመልሶ አይገኝም። ሥዕሉ ያለበትን ፊቱን ቆርጣ ብታስቀረው እንኳን አንድ ነገር ነው። የተለያየ ቤት ውስጥ፣ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። መጻሕፍቱ ለብቻ፣ ሣጥኑ ለብቻ።

---

ጠራዡ • ነሐሴ 13፣ ጠዋት 4፡40

ፊቱን ማስቀረት ጥሩ ሐሳብ ነው። ይህንን ተቀብያለሁ። አዲስ ሣጥን እንድሠራላት ከፈለገች የድሮውን ፊት ከአዲሱ ጎን ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ሻጋታ የያዘው የኋላው ነው እንጂ ፊቱ ንጹሕ መሆኑን በፎቶ አይቻለሁ።

---

ደብረ ብርሃን ማዶ • ነሐሴ 14፣ ማታ 4፡05

ዘግይቼ ነው ያየሁት። የምትፈልጊው ቁጥር 4 አለኝ፤ ስሙን ከሣጥንሽ ፎቶ ላይ አነበብኩት። አሮጌ ኅትመት ነው፣ ትንሹ መጠን፣ ሽፋኑ ተጣጥፏል፤ ግን የመጨረሻው ቅጠል አለ፣ አሁን ቆጥሬ አየሁት። ገንዘብ አልፈልግም። አድራሻሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ ወደ ባሕር ዳር ከሚመጣ ሰው ጋር እሰደዋለሁ። እናትሽ ገዳዩን ከገመቱት ማን እንዳሉ እዚህ እንዳትጽፊ፤ ያላነበብነው አለን።

---

የሽምብጥ ልጅ • መስከረም 4፣ ማታ 3፡20

እንኳን አደረሳችሁ።

መጽሐፉ ጳጉሜን 3 ቀን ደረሰ። ሰብሳቢው እንዳለው ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ሳቆመው ሁለት ሴንቲ ሜትር አጠረ፣ ወደ ውስጥም ገባ ብሎ ቀረ። እናቴ ተቀብላ መጀመሪያ ያደረገችው በአውራ ጣቷ መለካት ነው። "ከኛው ይወፍራል" አለች። ወረቀቱ ሸካራ ስለሆነ ነው።

ከመጀመሪያው እንድጀምር አዘዘችኝ፤ ዓመት ስላለፈው። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ከችቦው በኋላ ተቀምጠን እስከ እኩለ ሌሊት ሄድን፤ ትናንት ጨረስን። የገመተችው ከፖይሮ ሁለት ምዕራፍ ቀድማ ነው። ምክንያቷም የሱ ምክንያት አልነበረም፤ "ሐዘንተኛ ሆኖ ስለ ቁልፍ የሚጨነቅ የለም" ነበር ያለችው። ከዚህ በላይ አልናገርም። ደብረ ብርሃን ላለኸው ወንድሜ፣ መርቃሃለች።

መጻሕፍቱ ደርቀዋል። ሻጋታው ተጠርጎ በቁጥር 6 ሽፋን ላይ ጥላ ቀርቷል እንጂ ሽታው የለም። ጋሼ ጠራዡ፣ አዲሱን ሣጥን እንዲሠሩልኝ እፈልጋለሁ። አጭሩ ቁጥር 4 በቦታው፣ በ3 እና በ5 መካከል እንዲቆም ነው የምፈልገው። የባልደረባዬ አንድ ቀን ቢመለስ ለደብረ ብርሃኑ እልከዋለሁ።

---

ጠራዡ • መስከረም 5፣ ጠዋት 1፡15

ይቻላል። ለአጭሩ ከሥሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር የዋንዛ ጣውላ፣ ከኋላው ደግሞ ቀጭን ድጋፍ አደርግለታለሁ፤ አናቱና ፊቱ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይሆናል። የሰባቱን ውፍረት አንድ ላይ ለክቼ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እጨምራለሁ፤ ለሐምሌ እብጠቱ። ከኋላ ሁለት ቀዳዳ እከፍታለሁ፤ ነፋስም ይገባል፣ በጣትም ገፋ አድርገሽ ታወጪበታለሽ። በሊጥ ሳይሆን በነጭ ኮላ ነው የምሠራው። መጻሕፍቱን ይዘሽ ነይ እንጂ ልኩን ብቻ አትላኪልኝ።

መምህር፣ የእርስዎንም መጽሐፍ ይዘውልኝ ይምጡ። ሊጡን በእንፋሎት አላቅቄ ቅጠሎቹን እንደገና አስገባቸዋለሁ፤ የእጅ ጽሑፉን አልነካም።

---

ጡረተኛው መምህር • መስከረም 5፣ ጠዋት 2፡30

ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። የማሞ ውድነህንና የይልማ ሀብተየስንም ያሉኝን ሰብስቤ አመጣለሁ፤ አሥራ አንድ ናቸው፤ መጠናቸው ይለያያል። ለነሱም ሣጥን ይሠራላቸው።

---

የሽምብጥ ልጅ • መስከረም 5፣ ማታ 1፡00

እኔም ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ ስድስቱን ይዤ እመጣለሁ። ቁጥር 5 እቤት ይቀራል፤ ዛሬ ማታ ጀምረነዋል።